ከጣሪያው በላይ 71 ዲግሪ

ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ባሉት ጣሪያዎች ላይ የተደረደሩትን ዲሾች ልብ ብሎ ያየ ሰው በሦስት ይከፍላቸዋል። ወደ ምሥራቅ፣ ትንሽ ወደ ደቡብ አዘንብለው ያንጋጠጡት ኢትዮሳትን ይዘዋል፤ 57 ዲግሪ ምሥራቅ። ወደ ምዕራብ ዞረው ዝቅ ያሉት የናይልሳት ናቸው፤ 7 ዲግሪ ምዕራብ። ሦስተኞቹ ወደ ደቡብ ምዕራብ ዞረው ወደ ኋላ ሊገለበጡ እስኪመስሉ ድረስ ሰማይ ሰማይ ያያሉ፤ እነሱ የዓረብሳት ናቸው፣ 26 ዲግሪ ምሥራቅ። የእነዚህ የሦስተኞቹ ባለቤቶች ድራማ እያዩ፣ ከብራዚል እስከ ታይላንድ ያሉ የአማተር ሬዲዮ ሰዎች፣ ማለትም ለደስታቸው በራሳቸው ጣቢያ የሚነጋገሩ ሰዎች፣ ወሬም በዚያው ዲሽ ላይ እያረፈ ነው። ሪሲቨሩ ስለማይሰማው ብቻ ነው የማያውቁት።

እዚያው 26 ዲግሪ አካባቢ፣ 25.9 ላይ፣ ኤስሃይል 2 የሚባል የኳታር የቴሌቪዥን ሳተላይት ቆሟል። በ2018 እ.ኤ.አ. ኅዳር ወር ሲመጥቅ ሁለት የአማተር ሬዲዮ ትራንስፖንደሮችን ይዞ ነበር የወጣው። በአማተሮች ዘንድ ስሙ ኪውኦ 100 ነው። ከመሬት በ2.4 ጊጋሄርዝ የተላከለትን ተቀብሎ በ10.489 ጊጋሄርዝ መልሶ ወደ ምድር ይረጨዋል። ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር አይወጣም፣ አይጠልቅም፤ አንዴ የተስተካከለ ዲሽ እንደተስተካከለ ይኖራል።

በማይክሮዌቭ፣ ማለትም በጊጋሄርዝ በሚቆጠረው የሬዲዮ ሞገድ፣ ለመጀመር በዓለም ላይ ከዚህ የቀለለ በር የለም ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። በተለይ ደግሞ ለመሀል አዲስ አበባ። እዚህ ሕንፃ በሕንፃ ላይ ሲቆም አድማሱ ተዘግቷል፤ የ40 ሜትር ሽቦ መዘርጊያ ግቢም ያለው ጥቂት ሰው ነው። ሳተላይቱ ግን ከመሀል ከተማው ሲታይ ከአድማስ 71.6 ዲግሪ ከፍ ብሎ ነው ያለው። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ ከዲሹ በ10 ሜትር ርቀት የቆመ ሕንፃ ከዲሹ በላይ 30 ሜትር ካልረዘመ አይጋርደውም። ጀርመን ያለ አማተር ይህንኑ ሳተላይት የሚያየው በ30 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የጎረቤት ዛፍ ይበቃዋል።

አቅጣጫው ከእውነተኛው ሰሜን በሰዓት ዘዌ ሲለካ 235.5 ዲግሪ ነው። ከመስቀል አደባባይ ለሚያይ ሰው በሳር ቤትና በመካኒሳ መካከል እንደማለት ነው። ኮምፓስን በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ወይም ብረት በበዛበት ሰገነት ላይ ማመን አያስፈልግም፤ አሥርና አሥራ አምስት ዲግሪ ያሳስታል። በስልክ የሳተላይት ካርታ ላይ ቤቱን አግኝቶ፣ በ235.5 ዲግሪ መስመር አስምሮ፣ መስመሩ የሚያልፍበትን ሩቅ ሕንፃ ምልክት ማድረግ ይሻላል። የ90 ሴንቲ ሜትር ዲሽ በ10 ጊጋሄርዝ የሚያየው 2.2 ዲግሪ ስፋት ያለውን ሰማይ ብቻ ስለሆነ በግምት የሚገኝ ነገር አይደለም።

አንድ የሚያምታታ ነገር አለ። በየቤቱ ያለው ዲሽ ኦፍሴት የሚባለው ዓይነት ነው፤ ፊቱ ከሚያየው ቦታ ይልቅ 24 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነው የሚቀበለው። ስለዚህ ሳተላይቱ 71.6 ላይ ቢሆንም የዲሹ ሳህን ወደ ኋላ የሚጋደመው ከቀጥታ አቋሙ 48 ዲግሪ ግድም ብቻ ነው። በፕሮትራክተር የሳህኑን ጠርዝ ለክቶ 71 ላይ ያስቀመጠ ሰው ቀኑን ሙሉ ባዶ ሰማይ ሲፈልግ ይውላል። ትልቁ፣ መሀሉ ላይ ተቀባይ ያለው የድሮ ዲሽ ከሆነ ግን በእርግጥ 71.6 ላይ ይጋደማል፤ በክረምት ጎድጓዳ ሳህን ሆኖ ውኃ ስለሚያቁር ታችኛው ቦታው ላይ የ8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበሳለት።

ከከፍታውና ከአቅጣጫው በላይ ብዙዎችን የሚያሸንፈው የኤልኤንቢው፣ በዲሹ ፊት የተሰቀለው የተቀባዩ ራስ፣ ጥምዝ ነው። የሳተላይቱ ቀጥ ያለ ፖላራይዜሽን (ሞገዱ የሚወዛወዝበት አቅጣጫ) ቀጥ የሚለው ለምድር ዘንግ እንጂ ለአዲስ አበባ ጣሪያ አይደለም። ለምድር ወገብ የቀረበ አገር ላይ ይህ ልዩነት ሰፊ ይሆናል፤ ለእኛ 54 ዲግሪ ተኩል ያህል ነው። ከዲሹ ጀርባ ቆሞ ወደ ሳተላይቱ ለሚያይ ሰው ኤልኤንቢው በሰዓት ዘዌ፣ ወደ ቀኝ፣ ይህን ያህል መዞር አለበት። ሳይዞር ቀጥ ብሎ ከቀረ ከሚገባው ምልክት አንድ ሦስተኛው ብቻ ይቀራል፤ በምልክት ብርታት መለኪያው 4.7 ዲሲቤል ጠፋ ማለት ነው። በስህተት ወደ ግራ የዞረ ደግሞ ከአሥር እጅ አንዱን ብቻ ይዞ ይቀራል። ዲሹ አስቀድሞ ዓረብሳትን በሁለቱም ፖላራይዜሽን አጥርቶ የሚያመጣ ከሆነ ግን ዲሽ ሠሪው ይህን ሥራ ጨርሶታል፤ ምንም አይነካ።

አሁን ኤልኤንቢውን ከቅርብ እንየው። የፕላስቲክ ክዳኑ በቢላ ጫፍ ሲነሳ ክብ የብረት ጉሮሮ ይታያል፤ በውስጡም የክብሪት እንጨት ራስ የሚያክሉ ሁለት መርፌዎች፣ አንዱ ለሌላው በቀጤ ማዕዘን ቆመው። ሪሲቨሩ 13 ቮልት ሲልክ አንዱ ይሠራል፣ 18 ሲልክ ሌላው። ከኋላው ያለው የአሉሚኒየም ሳጥን ሲፈታ ከወርቅማ መስመሮቹ ጎን 25.000 የተጻፈባት ጥቃቅን የብረት ቆርቆሮ ትገኛለች። ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በእሷ ላይ ነው። ይህች ክሪስታል 25 ሜጋሄርዝ ትመታለች፤ ፒኤልኤል የሚባለው ቺፕ በ390 ያባዛታል፤ 9750 ሜጋሄርዝ ይወጣል። ከሰማይ ከመጣው 10489.750 ላይ ይህ ሲቀነስ 739.750 ሜጋሄርዝ ይቀራል፤ በኬብሉ ወደ ቤት የሚወርደው ይኸው ነው። የቴሌቪዥን ሪሲቨር ማዳመጥ የሚጀምረው ከ950 ሜጋሄርዝ ስለሆነ አጠገቡ ያለውን ጣቢያ አይሰማም።

ክሪስታሏ በ100 ሄርዝ ብቻ ብትሳሳት ስህተቱም በ390 ተባዝቶ 39 ኪሎሄርዝ ይሆናል። የአንድ ሰው ድምፅ፣ ኤስኤስቢ በሚባለው የአማተሮች ጠባብ የድምፅ መላኪያ ስልት፣ የሚይዘው ቦታ 2.7 ኪሎሄርዝ ነው። ስለዚህ አንዲት ትንሽ ስህተት አሥራ አራት ጣቢያ ያስዘልላል። በዝቅተኛው ሞገድ፣ በ7 ሜጋሄርዝ፣ ማንም ልብ የማይለው መንቀጥቀጥ እዚህ ጣቢያውን ከጆሮ ይሰውረዋል። በማይክሮዌቭ ዋጋ ያለው ዋት ሳይሆን ልክ ነው የምለው ለዚህ ነው፤ የድግግሞሽ ልክ፣ የማዕዘን ልክ፣ የሚሊ ሜትር ልክ። የ100 ዋት መሣሪያ የለመደ ሰው ይህን እስኪቀበል ጊዜ ይወስዳል።

በኤልኤንቢ ግዢ ላይ ማየት ያለበት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ፒኤልኤል። ያለ ክሪስታል የሚሠሩት የድሮዎቹ ለቴሌቪዥን ይበቃሉ፤ ለድምፅ ግን በየደቂቃው ስለሚንሸራተቱ ዋጋ የላቸውም። በሳጥኑ ላይ 0.1 ዲሲቤል ብሎ የሚፎክረውን ቁጥር ማንም ከቁም ነገር አይቁጠረው። መፈተኛው ቀላል ነው። ኤልኤንቢውን ከዲሹ ነቅሎ ወደ ጠራ ሰማይ ማቅናት፣ የጩኸቱን ደረጃ ማየት፣ ከዚያ መዳፍን አፉ ላይ መክደን። ጤናማው ቢያንስ 4 ወይም 5 ዲሲቤል ከፍ ይላል፤ ሰማዩ ቀዝቃዛ ነው፣ እጅ ሞቃት። ካልጨመረ ኤልኤንቢው ሞቷል ወይም ኬብሉ ተበላሽቷል።

ለማዳመጥ የሚያስፈልገው ትንሽ ነው። ዲሽ፣ ከ60 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ፤ የፒኤልኤል ኤልኤንቢ፤ የተለመደው ባለ 75 ኦም የዲሽ ኬብል፤ አርቲኤል ኤስዲአር የሚባለው በዩኤስቢ የሚሰካ መቀበያ፤ ላፕቶፕ። እና 13 ቮልት። መቀበያው ራሱ በኬብሉ የሚልከው 4.5 ቮልት ስለሆነ ኤልኤንቢን አያስነሳም፤ ባይያስ ቲ የሚባለው ማስገቢያ ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር ይበቃል። የቤቱን ሪሲቨር እንደ ኃይል ምንጭ መጠቀምም ይቻላል፤ ግን ኬብሉን ለሁለት የሚከፍለው ስፕሊተር ቮልቴጅ የሚያሳልፈው በአንድ በኩል ብቻ መሆን አለበት፤ ያም በኩል ወደ ሪሲቨሩ ይሁን። ተገልብጦ ከተሰካ ወይም ሁለቱም በኩል የሚያሳልፍ ከሆነ 18 ቮልት ኤስዲአሩ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ያ ዕቃ የቁልፍ መያዣ ነው። ሪሲቨሩም ከ11.7 ጊጋሄርዝ በታች ባለ ቀጥ ያለ ፖላራይዜሽን ቻናል ላይ ይቀመጥ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ የሚልከው 22 ኪሎሄርዝ ቶን ኤልኤንቢውን ወደ 10600 ያሻግረዋል፣ የምንፈልገውም ከኬብሉ ላይ ይጠፋል።

በሶፍትዌሩ ላይ የ9750 ሜጋሄርዝ ልዩነቱ ከተሞላ በኋላ ቀጥታ 10489.750 ይጻፋል። በዋተርፎሉ፣ ምልክቶችን እንደ ፏፏቴ ወደ ታች እያወረደ በሚያሳየው የሶፍትዌሩ ሥዕል፣ ላይ መጀመሪያ ሹል መስመር አይፈለግ። መጀመሪያ የሚገኘው እብጠት ነው፤ ከዙሪያው ጩኸት ትንሽ ከፍ ያለ፣ ግማሽ ሜጋሄርዝ የሚሰፋ፣ ጫፉ የተቆረጠ ጉብታ። ያ የትራንስፖንደሩ የራሱ ጩኸት ነው። እሱ ከታየ ዲሹ ተገኝቷል። በመሀሉ፣ 10489.750 ላይ፣ ወፍራም ወጥ መስመር ይቆማል፤ በሴኮንድ 400 ቢት የሚልከው መለያ ምልክት ነው። በሁለቱ ጫፎች፣ 10489.500 እና 10490.000 ላይ፣ ሌሎች መለያዎች አሉ። በመካከላቸው እየመጡ የሚሄዱት ጠባብ ጥላዎች ሰዎች ናቸው። ክሪስታሉ ስለሚሳሳት ጉብታውን ከሚጠበቅበት ቦታ ወዲህና ወዲያ እስከ 200 ኪሎሄርዝ ድረስ ፈልጎ፣ መካከለኛውን መለያ ካገኙ በኋላ ልዩነቱን ማረም ነው። ኤስዲአር ኮንሶል የተባለው ፕሮግራም ያንን መለያ ይዞ ራሱ ይከታተላል፤ ማለዳ ፀሐይ ኤልኤንቢው ላይ ሲወጣ ድምፁ ሲንሸራተት ያየ ሰው ይህን ያመሰግናል። በጥቅምትና በኅዳር የአዲስ አበባ ሌሊትና ቀን የሙቀት ልዩነት ለክሪስታል ቀላል አይደለም።

ከዚህ የበለጠ ጥራት የሚፈልግ የኤልኤንቢውን ክሪስታል አንስቶ በኬብል ከጂፒኤስ የተቆለፈ 25 ሜጋሄርዝ ይሰጠዋል። ሥራው ጥሩ ብየዳና ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሰሌዳው ሲግል መዳብ መስመሩ አብሮ ይነሳል። ለማዳመጥ ብቻ ከሆነ ትርፉ ትንሽ ነው፤ ሶፍትዌሩ ይበቃል።

ብልሽት በብዛት የሚገኘው ጫፍ ላይ ነው፤ ኤፍ ኮኔክተር ላይ። የመሀሉ ሽቦ አጥሮ አይነካም፤ ወይም ከመረቡ አንዲት ክር ታጥፋ ትገባና ቮልቴጁን ታገናኘዋለች። ክረምት ላይ ደግሞ ውኃ። የተለመደው ፌስታል አስሮ መተው ነው፤ ፌስታሉ ግን እንፋሎት ያጠራቅምና ከዝናቡ የባሰ ያዝጋል። ራሱን በራሱ የሚጣበቅ የጎማ ቴፕ ተለጥጦ ይጠቅለል፤ ኬብሉም ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት አንድ ጊዜ ወደ ታች ይጎብጥ፣ ጠብታው እዚያ ይውደቅ። ሌላው ችግር ከሰፈሩ ይመጣል። 739 ሜጋሄርዝ የሞባይል ኔትወርክ አካባቢ ስለሆነ፣ ማማ አጠገብ ያለ ቤት ውስጥ ላላ ያለ ኮኔክተር ካለ ዋተርፎሉ ላይ ሳተላይት ያልሆነ ሰፊ ግድግዳ ይታያል። ዲሹን ከሰማይ ዞር ማድረግ ነው፤ ምልክቱ ካልጠፋ የመጣው ከምድር ነው።

ዝናቡን በተመለከተ ሰው የሚፈራውን ያህል አይደለም። ከተማዋ 2,355 ሜትር ላይ ናት፣ ሳተላይቱም ከራስ በላይ ነው፤ ሞገዱ በዝናብ ውስጥ የሚያልፈው ሁለት ተኩል ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የሐምሌ ዶፍም ቢሆን የሚወስደው ጥቂት ዲሲቤል ነው። መብረቅ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሲያጉረመርም ኬብሉን መንቀል፣ የዲሹንም ምሰሶ ከመሬት ሽቦ ጋር ማሰር።

መናገር የሚፈልግ ሰው ከዚህ በኋላ ሌላ ደጅ ማንኳኳት አለበት። ያለ ፈቃድ ማሰራጨት ሕገ ወጥ ነው፤ የሬዲዮ ሞገድ ጉዳይ በኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሥር ነው፤ የአገራችን ጥሪ ምልክቶች በኢቲ ይጀምራሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለው ኢቲ3ኤኤ የክበብ ጣቢያ ለጀማሪ ትክክለኛው ቦታ ይመስለኛል። ማሰራጫ መሣሪያ ከውጭ ከመታዘዙ በፊትም መጠየቅ ይቀድማል፤ ጉምሩክ ላይ ከደረሰ በኋላ ማስረዳት ያስቸግራል።

ቴክኒኩ ይህን ይመስላል። ወደ ላይ የሚላከው ከ2400.000 እስከ 2400.500 ሜጋሄርዝ ነው፤ ፖላራይዜሽኑም በቀኝ የሚዞር። ሞገድ ዲሽ ላይ ሲነጥር አዟዟሩ ስለሚገለበጥ በዲሹ ፊት የሚቀመጠው ጥምዝ አንቴና በግራ የሚዞር ሆኖ መሠራት አለበት፤ ይህን የረሳ ሰው ሙሉ ኃይሉን እየላከ ሳተላይቱ አይሰማውም። በ90 ሴንቲ ሜትር ዲሽ 5 ዋት ለድምፅ ይበቃል። ነገር ግን 5 ዋቱ አንቴናው ላይ መድረስ አለበት። አርጂ 58 የሚባለው ቀጭን ኬብል በ2.4 ጊጋሄርዝ በየሜትሩ አንድ ዲሲቤል ያህል ይበላል፤ 10 ሜትር ቢዘረጋ 10 ዋት ገብቶ የሚወጣው 1 ዋት ነው፣ የቀረው ኬብል ማሞቂያ ሆነ። ስለዚህ አምፕሊፋየሩ በውኃ የማይደፈር ሳጥን ውስጥ ሆኖ ዲሹ ሥር ይሰቀላል፤ በኬብል የሚወጣው ደካማው ምልክትና ቮልቴጁ ብቻ ነው። በገበያ 8 ዋት ተብሎ የሚሸጠው የዋይፋይ ማጉያ ከሁለትና ሦስት ዋት በላይ ንጹሕ ድምፅ አይሰጥም፤ ከዚያ በላይ ሲገፋ ድምፁ ተበላሽቶ የጎረቤቱን ቦታ ይይዛል። ጎረቤት ስንል ደግሞ የኮንዶሚኒየሙን ጎረቤትም ጭምር ነው፤ የዋይፋይ ቻናል 1 ከ2401 ሜጋሄርዝ ይጀምራል፣ ከእኛ አጥር ሥር። ዲሹ ሰማይ ስለሚያይ ኃይሉ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ሆኖም ከጎን የሚፈሰው ትንሽ አይደለምና ከሰው መስኮት ራቅ ብሎ ይቀመጥ፣ ፊት ለፊቱም ሰው አይቁም።

የራስን ድምፅ እያዳመጡ መናገር እዚህ ግዴታ ነው። ድምፁ ወጥቶ እስኪመለስ ሩብ ሴኮንድ ይፈጅበታልና በጆሮ ማዳመጫ የራሱን ማሚቶ የሚሰማ ሰው መንተባተቡ አይቀርም፤ ይለመዳል። ኃይሉ ከመለያ ምልክቱ በላይ ከወጣ ሌይላ የሚባለው ጠባቂ በላዩ ላይ እንደ ሳይረን ይጮህበታል። ይህን ጩኸት የሚሰማው ግማሽ ዓለም ስለሆነ ኃይልን ከታች ጀምሮ መጨመር ክብር ነው።

ሰማዩን የጠገበ ወደ ተራራው ይመለሳል። ከእንጦጦ ዝቋላን አስቡ፤ 60 ኪሎ ሜትር ግድም፣ ሁለቱም ጫፍ ሦስት ሺህ ሜትር አካባቢ፣ በመካከል የሚጋርድ የለም። በ10.368 ጊጋሄርዝ በዚህ ርቀት የሚጠፋው 148 ዲሲቤል ነው፤ አስፈሪ ቁጥር ይመስላል። ነገር ግን በሁለቱም በኩል 17 ዲሲቤል የሚያጎላ የቆርቆሮ ቀንድ ከተያዘ፣ 10 ሚሊ ዋት ብቻ ተልኮ ከጩኸቱ በላይ ከ30 ዲሲቤል የሚበልጥ ትርፍ ይኖራል። የእጅ ባትሪ አምፖል የሚያክል ኃይል እንኳ አይደለም። ቀንዱ አፉ 9.5 በ7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከናስ ወይም ከመዳብ ሉህ ይቆረጣል፣ ምናለሽ ተራ የማይገኝ ነገር አይደለም። አሉሚኒየም በተራ ብየዳ ስለማይያዝ ይቅር። ከቀንዱ ጀርባ ያለው ቱቦ ውስጡ 22.86 በ10.16 ሚሊ ሜትር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ልኬት አለ። ሞገዱን ወደ ቱቦው የምታስገባው መርፌ ከቱቦው የተዘጋ ጀርባ በሞገዱ ሩብ ርቀት ትቆማለች ሲባል፣ በአየር ላይ ያለውን የ28.9 ሚሊ ሜትር ሞገድ በአራት ያካፍሉና 7.2 ላይ ይበሳሉ። በቱቦ ውስጥ ግን ሞገዱ ይረዝማል፣ 37.3 ይሆናል፤ ሩቡ 9.3 ሚሊ ሜትር ነው። የመርፌዋ የራሷ ርዝመት ነው ወደ 7 የሚጠጋው፤ በፋይል እየተሞረደች ታጥራለች፣ አንዴ ካጠረች አትረዝምምና መጀመሪያ ረዘም ትበል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በመሳሪያ መግዣ ብር ላልተረፈው የመለኪያ ምንጭ ከሰማይ ይሰጠዋል። በዓመት ሁለት ጊዜ ፀሐይ በሳተላይቱ ጀርባ በትክክል ታልፋለች። ለአዲስ አበባ አንደኛው መጋቢት 7 አካባቢ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ሁለተኛው የመስቀል ዕለት፣ መስከረም 17 እና በዙሪያው ባሉት ቀናት፣ 7 ሰዓት ከሩብ ላይ። ያን ጊዜ ዋተርፎሉ ላይ ያለው ጩኸት በሙሉ ቀስ እያለ ይነሳል፤ ለአሥር ደቂቃ ያህል ደካሞቹን ጣቢያዎች ይሸፍንና ተመልሶ ይወርዳል። ጩኸቱ ጫፍ የደረሰበት ደቂቃ ከተሰላው ቀድሞ ከመጣ ዲሹ ወደ ምሥራቅ ዘንብሏል፤ ከዘገየ ወደ ምዕራብ። ፀሐይ በአራት ደቂቃ አንድ ዲግሪ ስለምትሄድ የአንድ ደቂቃ ልዩነት ሩብ ዲግሪ ነው፤ በዲሹ ብሎን ላይ ግማሽ ዙር እንኳ አይሞላም።